31 ጊዜ እጥፍ፣ አንድ ሲቀር

2,147,483,647። እስቲ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ሁለት ቢሊዮን፣ አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን፣ አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ፣ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። በአንድ ትንፋሽ ከጨረሳችሁት ጎበዞች ናችሁ። እኔ ይህን ቁጥር እንደ ስልክ ቁጥር በቃሌ ነው የማውቀው። ባለቤቴ “የባንክ ሒሳብሽ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር” እያለ ይቀልድብኛል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ኅዳር 2007 ዓ.ም. የቢዝነስ ተማሪ ሳለሁ ነው። “ጋንግናም ስታይል” የተባለውን የኮሪያ ዘፈን ታስታውሱታላችሁ፤ ያ ፈረስ የሚጋልብ የሚመስለው ጭፈራ በአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ ሳይቀር ተጨፍሯል። ቪዲዮው በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በዩቲዩብ ታሪክ አንድ ቢሊዮን ጊዜ የታየ የመጀመሪያው ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ዩቲዩብ የተመልካች ቆጣሪውን ማስፋት እንዳስፈለገው አስታወቀ። ምክንያቱም የድሮው ቆጣሪ ከ2,147,483,647 በላይ መቁጠር አይችልም። አንድ ቪዲዮ እዚያ ይደርሳል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ነገሩ ለሌላው ተማሪ ወሬ ነበር፤ እኔን ግን ከነከነኝ። ማርኬቲንግ ውስጥ ቁጥር ሁልጊዜ ክብ ነው። መቶ ሺህ ተከታይ፣ አንድ ሚሊዮን እይታ፣ ሃያ በመቶ ቅናሽ እንላለን። ዜሮ የበዛበት ቁጥር ለዓይን ይጥማል። ታዲያ ገደብ ማበጀት ካስፈለገ ለምን ሁለት ቢሊዮን ላይ አይቆምም? ይህን የተንጨባረረ ቁጥር ከየት አመጡት?

መልሱን የነገረኝ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ጓደኛ ነበር። ኮምፒውተር ቁጥርን የሚያስቀምጠው እንደ ግድግዳ የመብራት ማብሪያ ነው፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። በድሮው አሠራር ለአንድ ቁጥር የሚመደቡት 32 ማብሪያዎች ናቸው። አንዷ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ይሁን በታች ለማመልከት ትያዛለች፤ 31 ይቀራሉ። የመጀመሪያዋ ማብሪያ ዋጋ 1 ነው፣ የሁለተኛዋ 2፣ የሦስተኛዋ 4፣ የአራተኛዋ 8፤ እያንዳንዷ የቀደመችዋ እጥፍ ናት። ሠላሳ አንዱም ሲበሩ ድምሩ 2,147,483,647 ይሆናል። በዚያ ላይ አንድ ብትጨምሩ ነገሩ ይገለበጣል። የድሮ ኮሮላ ታክሲ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ 999,999 ሲደርስ ወደ ዜሮ እንደሚመለሰው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ኮምፒውተሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ያቺ የምልክት ማብሪያ ትበራና ቁጥሩ ድንገት ከዜሮ በታች 2,147,483,648 ይሆናል። ሀብታሙ በአንድ ሰከንድ ባለዕዳ ሆነ ማለት ነው።

እዚያ ላይ ነገሩን ልተወው እችል ነበር። ያልተውኩት በእናቴ ምክንያት ነው።

እናቴ ሾላ ገበያ ጥራጥሬና ቅመማ ቅመም ስትሸጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ትምህርቷ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ካልኩሌተር አላት፤ አቧራ ለብሶ ከሚዛኑ ጎን ተቀምጧል። አንድ ደንበኛ 13 ኪሎ ምስር ክክ በ180 ብር ሒሳብ ቢጠይቃት እንዲህ ታሰላለች፦ “አንዱ 180፣ ሁለቱ 360፣ አራቱ 720፣ ስምንቱ 1,440። አሥራ ሦስት ማለት ስምንት፣ አራትና አንድ ነው።” ከዚያ 1,440፣ 720 እና 180ን ደምራ “2,340 ብር” ትላለች፤ እኔ ስልኬን ከቦርሳዬ ሳላወጣ። ሁለት ኪሎ ስላላስፈለጋት 360ዋን ዘላታለች። ማብሪያዎቹን ልብ በሉ፤ ስምንት በርታለች፣ አራት በርታለች፣ ሁለት ጠፍታለች፣ አንድ በርታለች። ኮምፒውተር 13ን የሚያስቀምጠው ልክ እንደዚህ ነው።

በኋላ እንደተረዳሁት ይህ እጥፍ እያደረጉ የማባዛት ስልት በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ “የኢትዮጵያ ማባዛት” የሚል ስም አለው፤ ሌሎች ደግሞ “የሩሲያ ገበሬ ማባዛት” ይሉታል። በግብፅ ግን እጅግ የቆየ የጽሑፍ ማስረጃ አለው፤ ዕድሜው ከ3,500 ዓመት በላይ በሆነ ራይንድ ፓፒረስ በተባለ ጥቅል ላይ ይገኛል። የኢትዮጵያ በመባሉ ደስ ብሎኝ ለእናቴ ብነግራት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችኝ። “ታዲያ ሌላው ሰው እንዴት ነው የሚያባዛው?”

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እናቴ ግላኮማ አለባት። የዓይን ግፊት እየጨመረ ነርቩን የሚጎዳ፣ ሕመም ሳያሰማ ከዳር ጀምሮ እይታን የሚበላ በሽታ ነው። የሄደው አይመለስም፤ ማድረግ የሚቻለው የቀረውን ማዳን ብቻ ነው። ሐኪሙ ለቀኝ ዓይኗ ጠብታ አዘዘላት፤ ለግራው ግን ግፊቱን የሚቀንስ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል አለ። እሷም ዕቁቧ እስኪደርሳት ጠብቃ ገንዘቡን ለዚሁ አስቀመጠች።

ዕቁቡ በወጣ በሳምንቱ አንዲት የቆየች ደንበኛዋ መጣች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ በለቅሶም በደስታም ከእናቴ ጎን የምትገኝ ሴት ናት። ይዛ የመጣችው ነገር ግን አሁን አሁን በየሰፈሩ የሚሰማው ነው። ይህን ያህል ብር ታስገቢያለሽ፣ ሁለት ሰው ታመጫለሽ፣ እነሱም ሁለት ሁለት ሰው ያመጣሉ፤ በጥቂት ወራት ገንዘብሽ እጥፍ ይሆናል። የሚያምር በራሪ ወረቀትም ነበራት። እንደ ባለሙያ ስመለከተው ወረቀቱ በጥሩ እጅ የተሠራ ነው፤ ቀለሙ፣ ፈገግ ያለው ቤተሰብ፣ “አብረን እንደግ” የሚለው መፈክር፣ ሁሉም በቦታው ነው። የሌለው ነገር ቢኖር የሚሸጥ ዕቃ ነው።

እሑድ ቡና ላይ እናቴ ወረቀቱን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ሰጠችኝ።

“አንቺ ማርኬቲንግ ነው የተማርሽው፤ ይሄ ነገር ያዋጣል?”

“እማ፣ የዓይንሽን ገንዘብ ነው እንዴ?”

“እጥፍ ከሆነ ለሁለቱም ዓይን ይበቃል ብዬ ነዋ።”

ምን ብዬ እንደምመልስ ከባድ ነበር። “አጭበርባሪዎች ናቸው” ብላት የምታምናትን ጓደኛዋን መስደብ ይሆናል። እሷም በልጇ ቃል ብቻ ነገር የምትተው ሴት አይደለችም። ስለዚህ “እስቲ አንቺው አስይው፤ አንዷ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያልሽ” አልኳት። ብዕር ላቀብላት ስል በእጇ መለሰችኝ። የስምንት ዓመቷ ልጄ ረድፉን በጣቷ ልትቆጥር አያቷ ሥር ተቀመጠች።

አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት። እናቴ እስከ 1,024 ድረስ አልቆመችም፤ ያ አሥራ አንደኛው ረድፍ ነው። እዚያ ስትደርስ አንድ ነገር ተናገረች፤ እኔ በሦስት ዓመት የቢዝነስ ትምህርት እንደዚያ አጥርቶ ያስረዳኝ አልነበረም። “አሥር ጊዜ ማጠፍ ማለት ሺህ ማድረግ ነው፤ ትንሽ ይተርፋል እንጂ” አለች። እውነት ነው። አሥር እጥፍ ሺህ ነው፤ ሃያ እጥፍ የሺህ ሺህ፣ ሚሊዮን ነው፤ ሠላሳ እጥፍ ቢሊዮን ነው። ብዕር ሳይነኩ ትልልቅ ቁጥሮችን ለመገመት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም፤ ለልጆቻችሁ አስተምሯቸው።

ትክክለኛውን ቁጥር በስልኬ አወጣሁላት። ሃያ ሰባት ረድፍ ሲሞላ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ያሉት ሰዎች 134,217,727 ይሆናሉ። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን ሳይቀር ከፍሎ ማለት ነው። ሠላሳ አንደኛው ረድፍ ሲሞላ ድምሩ ስንት ይመጣል? ስልኩ ላይ 2,147,483,647 ተጽፎ ሳይ ሳቄ መጣ። ከአሥር ዓመት በፊት የኮሪያው ዘፋኝ የሞላው ቆጣሪ! ከአፍሪካ ሕዝብ ይበልጣል። ሁለት ረድፍ ብቻ ጨምሩበት፤ የዓለም ሕዝብ ያልቃል።

“ሠላሳ ሦስት ረድፍ ምን አላት?” አለች እናቴ። “እኔ ከነሱ ስንተኛው ላይ ነኝ?”

ይህን የሚያውቅ የለም። ወረቀቱም አይናገርም። ነገሩን የጨረሰችው ግን ልጄ ናት። በስኒ ነው ያወቀችው። አንድ ስኒ ከላይ፣ ሁለት ከሥር፣ አራት ከዚያ ሥር ደርድራ ስታበቃ “እማማ፣ የመጨረሻው መስመር ሁልጊዜ ይበልጣል” አለች። እኛ መጀመሪያ አልገባንም። “ከላይ ያሉት ሦስት ናቸው፣ ታች ያሉት አራት። አንድ መስመር ብጨምር ከላይ ሰባት፣ ታች ስምንት። ሁልጊዜ በአንድ ይበልጣሉ።”

ይህ ነው የዚህ ቁጥር ጠባይ። ከአንድ ጀምራችሁ እጥፍ እያደረጋችሁ ብትደምሩ፣ ድምሩ ምንጊዜም ከሚቀጥለው እጥፍ አንድ ሲቀር ነው። 1 እና 2 ሦስት ነው፤ አራት አንድ ሲቀር። 1፣ 2 እና 4 ሰባት ነው፤ ስምንት አንድ ሲቀር። 2,147,483,647 ራሱ 31 ጊዜ የታጠፈ አንድ፣ ከዚያ አንድ ሲቀነስለት ነው። ወደ ሰዎቹ ስንመልሰው ግን ቀልድ አይደለም። ጨዋታው የትኛውም ረድፍ ላይ ይቁም፣ በስምንተኛውም በሃያ ሰባተኛውም፣ ከከፈሉት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመጨረሻው ረድፍ ላይ ናቸው። ከፍለዋል፤ ከሥራቸው ማንም የለም። አደራጁ ጨዋም ሌባም ይሁን ይህ አይለወጥም፤ ሒሳቡ ራሱ እንደዚያ ነው።

እናቴ ስኒዎቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ አንዷን አንስታ ቡናውን ቀዳች። ሰኞ ዕለት ለጓደኛዋ ወረቀቱን መለሰችላት። ምን እንዳለቻት አልነገረችኝም። ሴትየዋ ከዚያ በኋላ ወደ መደብሩ አልመጣችም፤ ገንዘቧ ምን ላይ እንደደረሰ እናቴ አልጠየቀችም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ልጄ ግን በእጥፍ ፍቅር ተያዘች። አባቷን “ዛሬ አንድ ሳንቲም፣ ነገ ሁለት ሳንቲም፣ ከነገ ወዲያ አራት እያደረግህ ለአንድ ወር ስጠኝ” ብላ አስፈረመችው። (አንድ ሳንቲም ካየን ስንት ዘመናችን! ግን ለሒሳብ አሁንም ያገለግላል።) በአሥረኛው ቀን የተጠራቀመው 10 ብር ከ23 ሳንቲም ነው፤ አባትየው ተዝናንቷል። በሃያኛው ቀን 10,485 ብር ከ75 ሳንቲም። በሠላሳኛው ቀን 10,737,418 ብር ከ23 ሳንቲም። እዚህ ላይ የእኛ ወር ያበቃል። የፈረንጅ ወር ቢሆንና 31ኛ ቀን ቢኖረው የዚያች የአንድ ቀን ድርሻ ብቻዋን 10,737,418 ብር ከ24 ሳንቲም ትሆናለች፤ የወሩን ሁሉ ድምር በአንድ ሳንቲም ትበልጣለች። ጠቅላላው 2,147,483,647 ሳንቲም ይመጣል። ባለቤቴ ወራችን 30 ቀን በመሆኑ እግዚአብሔርን ያመሰገነው ያን ዕለት ነው።

የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ እስኪደርስ በክሊኒኩ ወረፋ ብዙ ጠበቅን። ያን ጊዜ ነው ስለዚህ ቁጥር ያነበብኩትን ለእናቴ የማወራላት፤ እሷ ስልክ ማየት ዓይኗን ስለሚያደክማት እኔ አነብላታለሁ። በደንብ የያዛት የኦይለር ታሪክ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስረዳ። “ብቸኛ ቁጥር” የምንለው ከአንድና ከራሱ በስተቀር ለሌላ ቁጥር እኩል የማይካፈለውን ነው፤ 7፣ 13፣ 31 ማለት ነው። ልጆቻችን አራተኛ አምስተኛ ክፍል ላይ ይማሩታል። በ1644 እ.ኤ.አ. ማራን ሜርሴን የተባለ የፈረንሳይ መነኩሴ እጥፍ አንድ ሲቀር ከሚሆኑት ቁጥሮች ውስጥ የትኞቹ ብቸኛ እንደሆኑ ዝርዝር አወጣ። 3፣ 7፣ 31 እና 127 ብቸኛ ናቸው። 11 ጊዜ ብታጥፉ ግን 2,047 ይመጣል፤ እሱ 23 በ89 ነው። ሜርሴን 31 ጊዜ የታጠፈውን፣ የእኛን ቁጥር ማለት ነው፣ ብቸኛ ነው ብሎ ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው። አላረጋገጠውም፤ ዝርዝሩ ውስጥ ትክክል ያልሆኑም ነበሩ። 67 ጊዜ የታጠፈው ለምሳሌ ብቸኛ አይደለም። አካፋዮቹ የታወቁት በ1903 እ.ኤ.አ. ሲሆን ፍራንክ ኮል የተባለ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር በሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ አንድም ቃል ሳይናገር፣ በጥቁር ሰሌዳው በአንድ በኩል ቁጥሩን አወጣ፤ በሌላው በኩል ሁለት ቁጥሮችን አባዛ፤ ውጤቱ አንድ ሆነ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። አዳራሹ አጨበጨበ። በሥራዬ ብዙ ፕሬዘንቴሽን አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አላየሁም።

የ31 እጥፉን ያረጋገጠው ሊዮናርድ ኦይለር ነው። በ1707 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ባዝል ተወልዶ፣ አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን በሴንት ፒተርስበርግና በበርሊን ያሳለፈ የሒሳብ ሊቅ ነው። ውጤቱን በደብዳቤ ያሳወቀው በ1772 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ኦይለር ዓይነ ስውር ሊባል ምንም አልቀረውም። ቀኝ ዓይኑ ገና በወጣትነቱ ነው የደከመው፤ ግራው በሞራ ተጋረደ፤ በ1771 የተደረገለት ቀዶ ሕክምናም ዘላቂ እይታ አልሰጠውም። በዚያው ዓመት ቤቱ ተቃጠለ። ሥራው ግን አልቆመም፤ በቃል እየተናገረ ልጆቹና ረዳቶቹ ይጽፉለት ነበር። ከሥራዎቹ ወደ ግማሽ የሚጠጉት የተሠሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን የሥራውን ክብደት አስቡት። 2,147,483,647 ብቸኛ መሆኑን በተራ መንገድ ለማረጋገጥ እስከ 46,340 ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ እያካፈሉ መሞከር ያስፈልጋል፤ ከ4,700 በላይ ናቸው። ኦይለር ግን ማካፈል ከመጀመሩ በፊት አሰበ። ይህን ቁጥር ሊያካፍለው የሚችል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ እሱ ራሱ ለ248 ሲካፈል የግድ ወይ 1 ወይ 63 ቀሪ ሊኖረው እንደሚገባ አሳየ። በዚህ ወንፊት ሲያልፉ ከ4,700ዎቹ የሚቀሩት መቶ እንኳ አይሞሉም። አንዳቸውም አላካፈሉትም። ስለዚህ ብቸኛ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በሰው ልጅ ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆየ።

እናቴ ወንፊቱን ወደደችው። “እንክርዳዱን መጀመሪያ ካልነፋሽ አንድ በአንድ ስትለቅሚ ትመሻለሽ” አለች። ቀጥላ ግን የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው።

“የሚጽፍለት ልጁ ወንድ ነው ሴት?”

“የመጀመሪያ ልጁ፣ ወንዱ፣ ይጽፍለት ነበር።”

“ይሰለቸው ነበር?”

“እሱን አላነበብኩም፣ እማ።”

ዝም አለች። ወረፋው ሲደርሰን እጄን ይዛ ተነሣች፤ ከዚያ በፊት ይዛኝ አታውቅም።

ቀዶ ሕክምናው ተደርጓል። ግፊቱ ወርዷል፤ የጠፋው የእይታ ዳር እንደ ጠፋ ነው፤ ሐኪሙም ከመጀመሪያው የተናገረው ይህንኑ ነበር። መደብሯን አልዘጋችም። ሚዛኑን የሚያይላት አንድ ልጅ ቀጥራለች፤ ሒሳቡን ግን ለማንም አልሰጠችም። የብር ኖቶች ሲመሽ ስለሚመሳሰሉባት ሁለት መቶዋን ሁለት ጊዜ፣ መቶዋን አንድ ጊዜ አጥፋ ነው ኪሷ የምታስገባው። ጣቷን ልካ ትለያቸዋለች።

በ1811 እ.ኤ.አ. ፒተር ባርሎው የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው በዚህ ቁጥር ላይ አንድ ትንቢት ጽፏል። ነገሩ ስለ “ፍጹም ቁጥሮች” ነው፤ አካፋዮቻቸው ሲደመሩ ራሳቸውን የሚሰጡ ማለት ነው፤ 6 አንድ፣ ሁለትና ሦስት ሲደመሩ እንደሚሆነው፣ 28 ደግሞ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14። እያንዳንዱ የሜርሴን ብቸኛ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር ይወልዳል። የእኛው የወለደው 2,305,843,008,139,952,128 ነው። ባርሎው ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ፈጽሞ አይገኝም አለ፤ ምክንያቱም እነዚህ ነገሮች ጥቅም የሌላቸው የማወቅ ጉጉት ብቻ ስለሆኑ ማንም አይደክምባቸውም ብሎ ነው። በ1876 እ.ኤ.አ. ኤድዋር ሉካ 127 ጊዜ የታጠፈው ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ፤ 39 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የተገኘው ደግሞ ከ41 ሚሊዮን አኃዝ በላይ አለው። ጥቅም የለውም የተባለው የኦይለር ቁጥር ራሱ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ውስጥ የመቁጠሪያ ጣሪያ ሆኖ ተቀመጠ። ሰው ስለማይጠቅም ነገር ለመተንበይ ሲነሣ ቢጠነቀቅ ጥሩ ነው፤ በየሩብ ዓመቱ ትንበያ የሚጠየቅ ሰው ስለሆንኩ ነው ይህን የምለው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱም ቀን ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚያውቁት ሰከንድ በመቁጠር ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. እኩለ ሌሊት በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት። በድሮው የ32 ማብሪያ አሠራር ቆጣሪው 2,147,483,647ኛው ሰከንድ ላይ ይሞላል። ከዚያ የሚቀጥለው ሰከንድ ላይ ይገለበጥና ኮምፒውተሩ ራሱን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ላይ ያገኘዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው። አትደንግጡ፤ አዳዲሶቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ወደ 64 ማብሪያ ተሸጋግረዋል፤ የእነሱ ቆጣሪ የሚሞላው ከ290 ቢሊዮን ዓመት በኋላ ነው። የሚያሳስቡት በየፋብሪካውና በየመሣሪያው ሆድ ውስጥ ተቀብረው የቀሩ አሮጌ ፕሮግራሞች ናቸው። ጊዜውም ሩቅ አይደለም፤ ዛሬ የ20 ዓመት የቤት ብድር የሚያሰላ ፕሮግራም ያን ቀን አሁኑኑ መሻገር መቻል አለበት።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር የቀየርኩት ማታ ላይ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ደግሜ አሰላሁት። ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 እ.ኤ.አ. ማለት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው። ጥምቀት! ሰዓቱ በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ታቦታቱ ጃንሜዳ አድረው ሰው በባሕረ ጥምቀቱ ዙሪያ በሚሰበሰብበት በዚያ ማለዳ፣ በዓለም ዙሪያ አሮጌ ቆጣሪዎች አንድ ላይ ይሞላሉ።

እናቴ የተወለደችው በታኅሣሥ 1962 ነው። ቀኑን በትክክል የሚያውቅ የለም፤ አያቴ “ከገና በፊት” ትል ነበር። ያ ቆጣሪ መቁጠር በጀመረበት ወር ማለት ነው። ሲሞላ 68 ዓመቷ ይሆናል፤ ልጄ ሃያ፣ እኔ አርባ አራት። ልጄ ያን ዕለት አያቷን ይዛ ጃንሜዳ እንደምትሄድና በስልኳ ሰከንዱን ወደ ኋላ እንደምትቆጥር ከወዲሁ ነግራናለች።

እናቴ ሁሉንም ሰምታ “ቀኑ ምን ይውላል?” አለች።

“ማክሰኞ።”

“እንግዲያው ሰኞ ከተራም፣ ማክሰኞም አልከፍትም” አለችና ለልጅቷ የተረፈውን ቆሎ ወደ መዳፏ ገለበጠችላት።